ጥላውን በምን ቀለም?

ዘንዶ ሳሉ ብትባሉ ምን እንደምትስሉ አውቃለሁ። ክንፍ፣ ቅርፊት፣ ረጅም አንገት፣ ከአፍ የሚወጣ እሳት። ብዙዎቻችን ይህን ያገኘነው ከፊልምና ከቪዲዮ ጌም ነው። አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ፤ አንድ መስመር ትጽፉለታላችሁ፣ በሰከንዶች ውስጥ ያንኑ ዘንዶ ያመጣላችኋል። ቀለሙ ይለያያል እንጂ ዘንዶው አንድ ነው።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለ ጉዊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» በተባለው ልብ ወለዷ ውስጥ ያስገባችው ትልቁ ዘንዶ ግን መጀመሪያ የሚታየው እንደ ግንብ ነው። ወጣቱ አስማተኛ ጌድ በትንሽ ጀልባ ወደ ፔንዶር ደሴት ይመጣል። ከፊቱ የፈራረሰ ከተማና ማማዎች አሉ። ከዚያ ከፍ ያለው ማማ ቀስ እያለ ቅርጹን ይለውጣል። በአንድ ጎኑ ያብጣል፤ ክንድ የሚያበቅል ይመስላል። ጌድ ነገሩ የሚገባው ዘግይቶ ነው። የማማው አካል መስሎት የነበረው የዘንዶው ትከሻ ነው፤ ዘንዶው ከተጠመጠመበት እየተፈታ እየተነሳ ነው።

እስቲ ይህን ሳሉት። ጽሑፉ ጊዜ አለው፤ መጀመሪያ ማማ ያሳያችሁና ቆይቶ ዘንዶ ያደርግላችኋል። ሥዕል ያን ጊዜ አያገኝም። ሰው ሲያየው ወይ ዘንዶውን ወዲያው ያየዋል፣ ወይ ጨርሶ አያየውም። እኔ ድንጋዩንና ቅርፊቱን በአንድ ቀለም ሠራሁት። ትከሻው ከግድግዳው የሚለይበትን መስመር ሆን ብዬ አጠፋሁት። ጀልባዋን ከታች በጣም አሳንሼ አስቀመጥኳት። ዓይን ከጀልባዋ ተነስቶ ወደ ላይ ሲወጣ ግማሽ መንገድ ላይ እንዲጠራጠር ነበር ሐሳቤ።

ጨርሼ ለአንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየውና «ጎንደር ነው?» አለኝ።

ሳቅኩ። ከዚያ መልሼ ሳየው እውነቱን ነው። ማዕዘኑ ላይ ያሉት ክብ ማማዎች ከነጉልላታቸው የፋሲል ግንብ ናቸው። መጽሐፉ ስለ ጉልላት አንድም ቃል አላለም። እኔ ግን የፈረሰ የንጉሥ ግንብ ሲባል የማውቀው ሌላ የለኝም። አልቀየርኩትም። ዘንዶውም ፋሲል ግቢ ላይ እንደተጠመጠመ ቀረ።

ከልብ ወለድ ተነስቶ መሳል እንዲህ ነው። መጽሐፍ ከምናስታውሰው በጣም ያነሰ ነው የሚነግረን። እርሳስ ይዛችሁ ስታነቡት ይገባችኋል። ያ ሁሉ ዝርዝር የታለ? መስኮቱ፣ የልብሱ እጅጌ፣ የባሕሩ ቀለም? የለም። አንባቢው ነው ከራሱ ዓይን እየቀዳ የሞላው። ሠዓሊ ደግሞ የሞላውን ወረቀት ላይ አውጥቶ ለሰው ማሳየት አለበት። ከየት እንደቀዳ የሚታወቅበት ያኔ ነው።

ለ ጉዊን ራሷ ከታሪኩ በፊት የጀመረችው በሥዕል ነው፤ መጀመሪያ የደሴቶቹን ካርታ ሳለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ሽፋኑን የሠራችው ሩት ሮቢንስ ነበረች። ደራሲዋ ያን ሽፋን ትወደው ነበር፤ ምክንያቱም ጌድን በትክክለኛ ቀለሙ ሳለችው። ጌድ ቆዳው ቀይ ቡናማ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ቀይ ዳማ ይባላል። ጓደኛው ቬች ጥቁር ነው። ነጮቹ ካርጎች የተባሉት ሕዝቦች ናቸው፤ መጀመሪያ የምናያቸውም ለወረራ መጥተው መንደር ሲያቃጥሉ ነው። ይህን ያደረገችው አስባበት እንደሆነ ራሷ ጽፋለች። ብልሃቷ ደግሞ አዋጅ አለማስነገሯ ነው። አንባቢው ልጁን ከወደደው በኋላ ቀለሙን ጣል ታደርግለታለች።

ችግሩ ቀጥሎ የመጡት ሽፋኖች ናቸው። ብዙዎቹ ጌድን ነጭ አደረጉት። ደራሲዋ ከአሳታሚዎች የሽፋን ክፍል ጋር ለዓመታት ተሟግታለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ተሸንፋለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ታሪኩ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲሠራም ዋናው ገጸ ባሕርይ ነጭ ሆኖ መጣ። ያኔ ዝም አላለችም፤ በአደባባይ ተቃውማ ጻፈች። እኔን የሚያስገርመኝ ጭፍንነቱ ነው። ጽሑፉ እኮ ካልነገረን ብዙ ነገር መካከል ይህን በግልጽ ነግሮናል። ሠዓሊ ክፍተት ሲያገኝ ከራሱ መሙላቱ ያባት ነው። የተጻፈውን ሰርዞ መሳል ግን ሌላ ነገር ነው።

በዚህ አጋጣሚ ትንሽ ላማርር። የውሃ ቀለም ትምህርት በዩትዩብ የፈለጋችሁ እንደሆነ «የሰው ቆዳ ቀለም» ሲሉ አብዛኛዎቹ ከሮዝ ነው የሚነሱት። ጠይም ሰው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ተጨማሪ ክፍል ነው። ለጌድ ፊት የተቃጠለ ሸክላ የሚመስለውን ቡናማ፣ ትንሽ ቀይና በጣም ጥቂት ሰማያዊ እያደባለቅኩ ብዙ ቁርጥራጭ ወረቀት ጨረስኩ። ሰማያዊው ከበዛ ልጁ የታመመ ይመስላል። በመጨረሻ የስልኬን ካሜራ ከፍቼ የራሴን ክንድ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሳሁ፤ ከዚያ ነው የቀዳሁት። ብርሃን የነካው ቦታ ወደ ነጭ እንደማይሄድ ያየሁት ያኔ ነው። ወደ ብርቱካናማ ነው የሚሄደው።

ወደ ሩት ሮቢንስ ሽፋን ልመለስ። እሷ ጌድን የሳለችው በጎን ነው። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይን ነው። ለአሜሪካ አንባቢ ይህ ምንም አይደለም፤ ሳንቲም ላይ ያለ ንጉሥ ቢመስለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ያደገ ሰው ግን ደንገጥ ይላል። በእኛ የጥንት ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ክፉው ነው። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ገራፊዎቹ። ልጅ ሆኜ ማንም ሳያስረዳኝ አውቀው ነበር። ማን ጥሩ ማን መጥፎ እንደሆነ ዓይን ቆጥሬ ነበር የምለየው።

ታዲያ ጌድ ስንት ዓይን ይገባዋል?

ቀላል ጥያቄ አይደለም። መጽሐፉን ያላነበባችሁና ለማንበብ የምታስቡ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ከዚህ በኋላ ታሪኩን እናገራለሁ። ጌድ ትዕቢተኛ ልጅ ነው። ሮክ በተባለው ደሴት ባለው የአስማት ትምህርት ቤት ጃስፐር ከሚባል ተማሪ ጋር እልህ ይጋባል። ችሎታውን ለማሳየት ሌሊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ከጥንት የሞተች ሴት መንፈስ ይጠራል። ጨለማው ይቀደዳል። በቀዳዳው አስፈሪ ብርሃን ይፈስሳል። ከብርሃኑ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር ወጥቶ ፊቱ ላይ ይከመርበታል። የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው አውሬ ነው፤ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ራስም ፊትም የለውም። አራት ባለ ጥፍር መዳፍ ብቻ። የቀረው መጽሐፍ በሙሉ ይህ ጥላ ጌድን ሲያሳድደው፣ ቆይቶም ጌድ ዞሮ እሱን ሲያሳድደው ነው።

ይህን ገጽ ከሁሉም በላይ ለመሳል ፈልጌ ነበር። ከሁሉም በላይ የተቸገርኩትም በእሱ ነው።

አንደኛ፣ የሚያስፈራው ብርሃኑ ነው። የተለመደው የአስፈሪ ሥዕል ጨለማ ያመጣና በመሃሉ ጭራቅ ያስቀምጣል። እዚህ ግን ሌሊቱ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው በቀዳዳው ብርሃን በኩል ነው። በውሃ ቀለም ደግሞ ብርሃን አይቀባም። ነጭ የሚሆነው ወረቀቱ ራሱ ነው፤ ሳትነኩት ትተዉታላችሁ። ቀለም እንዳይገባ ለመከለል ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት ደርቆ የሚላጥ ፈሳሽ አለ። እሱን እዚህ ማግኘት ፈተና ነው፤ ወረቀቱንም ቢሆን ከውጭ የሚመጣ ሰው እየለመንኩ ነው የማስመጣው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የነበረ ጧፍ አነሳሁ። ሰሙን ወረቀቱ ላይ፣ ቀዳዳው በሚሆንበት ቦታ፣ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። ከዚያ ጥቁሩን በብዙ ውሃ አቅጥኜ ላዩ ላይ ለቀቅኩት። ሰሙ ያለበት ቦታ ቀለሙን ገፋው። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ጥቃቅን ጠብታ እየሆነ ተሰባሰበና እዚያው ደረቀ። ጠርዙ ያልተስተካከለና የተበጣጠሰ ሆነ። በብሩሽ ያን ጠርዝ ልሥራ ብል ዓመት አይበቃኝም። ጥቁሩን ከቱቦ አልወሰድኩትም፤ ድፍን ስለሚሆን አይተነፍስም። ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ቡናማ ስታደባልቁ ከሁለቱም የሚያስፈራ ጥቁር ይወጣል፤ ሲደርቅ አንዳንዱ ቦታ ወደ ሰማያዊ አንዳንዱ ወደ ቡናማ ይሸሻል።

ሁለተኛው ችግር ጥላው ራሱ ነው። ያደግኩበት ሥዕል ጥላ አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተመልከቱ፤ መልአኩም ፈረሱም መሬት ላይ ጥላ አይጥሉም። ብርሃኑ ከአንድ ወገን የሚመጣ ስላልሆነ ጥላ የሚወድቅበት ወገን የለም። ስለዚህ ጥላን እንደ ፍጡር ለመሳል እጄ ልምድ የለውም። ደጋግሜ ስሠራው ወይ ውሻ ይሆናል፣ ወይ የጉም ክምር ይሆናል። አንድ ጊዜ ጦጣ ሆኖብኝ ቀደድኩት።

እማዬ ከነዚህ ሙከራዎች አንዱን ጠረጴዛው ላይ አየችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጥላ ነው።»

«የማን ጥላ?»

«የአንድ ልጅ። ራሱ ጠርቶት መጣና አላስቀምጥ አለው።»

መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች። «ዓይነ ጥላ በይኝ እንጂ! ልጄ፣ ይሄን ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅይብኝ።»

መጽሐፉን አላነበበችም፤ እንግሊዝኛም አታነብም። ግን ካየኋቸው የመጽሐፉ ትንታኔዎች ብዙዎቹ ገጽ ከፈጁ በኋላ የሚደርሱበት ቦታ ላይ እሷ በአንድ ቃል ደረሰች። በሰው ላይ ያደረ፣ ራሱን የሚመስል፣ ዕድሉን የሚያበላሽ፣ የሚከተለው ነገር። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው፣ ጸሎት የሚደገምበት ነገር ነው። እኔ ደግሞ ከጎኔ የነበረውን ትቼ ኢንተርኔት ላይ የጭራቅ አጥንት አወቃቀር እያጠናሁ ነበር።

ስለዚህ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ፣ በድሮው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ከመስቀሎቹና ከሥዕላቱ ጋር የብራና ክታቦችም አሉ። ጠባብና ረጅም ጥቅል ናቸው። ደብተራው ብራናውን እንደ ባለቤቱ ቁመት ያዘጋጅ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር ይጠብቅ ዘንድ። ውስጡ ጸሎትና ምሥጢራዊ ስሞች አሉ፣ በመሃል በመሃሉ ሥዕል ይገባበታል። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከመሃሉ ፊት የሚያይ። ከዚያ ደግሞ ዓይኖች። ብዙ ዓይኖች፣ ሁሉም ቀጥ ብለው ወደ እናንተ። ሥዕሉ ለጌጥ አይደለም። ሕመምተኛው ሲያየው ጋኔኑም በሕመምተኛው ዓይን በኩል ያየዋል፣ ደንግጦ ይሸሻል ነው ነገሩ።

ክታቡ ላይ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይጻፋል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የድሮው ስም ተፍቆ አዲሱ ይገባል። አንዳንዶቹ ላይ የተፋቀው ቦታ ሳሳ ብሎ ይታያል። እዚያ ቆሜ ኧርዝሲን ከማሰብ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ? በለ ጉዊን ዓለም የአስማት ሁሉ ሥሩ ስም ነው። እያንዳንዱ ሰው ለአደባባይ የሚጠራበት ስም አለው፣ ለሚያምነው ብቻ የሚነግረው እውነተኛ ስም አለው። እውነተኛ ስምህን ያወቀ በእጁ ገባህ ማለት ነው። ጌድ ያን ግዙፍ ዘንዶ የረታው በሰይፍ አይደለም፤ ስሙን ስላወቀ ነው። ይህን ሳነብ ግር ያላለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባኛል። የክርስትና ስሜን ለማንም እንዳልናገር ተመክሬ ነው ያደግኩት።

ከሙዚየሙ ስመለስ ሥዕሉ መንገድ ያዘ። ጥላውን ቅርጽ ማስያዝ ተውኩት። መጽሐፉ ፊት የለውም ካለ ፊት የለውም። መዳፎቹን ብቻ አወጣሁና የቀረው በውሃው እንዲፈስ ለቀቅኩት። በምትኩ ዙሪያውን ሠራሁት። በብራና መጻሕፍት ላይ ገጽ የሚከበብበት ሐረግ አለ፤ እሱን በዙሪያው መለስኩት፤ በሐረጉ መጠላለፊያ ላይ ደግሞ የክታቡን ዓይኖች ሰካሁ። ሁሉም ወደ ውስጥ ያያሉ። አሁን ጥላው ታጥሯል። እማዬ ይሄኛውን አይታ ምንም አላለችም፤ ይሁንታ መሆኑ ነው።

ጽሑፍ ዝም ባለበት ቦታ ሠዓሊ ምን ያህል መሄድ እንደሚችል የሚያሳይ የምወደው ታሪክ አለ። ፊንላንዳዊቷ ቶቬ ያንሰን እ.ኤ.አ. በ1962 ለወጣው የቶልኪን ልብ ወለድ፣ ለስዊድንኛው «ሆቢት»፣ ሥዕል ሠርታ ነበር። በታሪኩ ያለውን ጎለም የተባለ ፍጡር ግዙፍ አድርጋ ሳለችው፤ ከሆቢቱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ። ሰው ሳቀ፣ ተቆጣ። ግን መጽሐፉን ገልጣችሁ ብታዩ ያኔ ቶልኪን የጎለምን መጠን አልጻፈም ነበር። በኋላ ባረመው እትም ላይ ነው ትንሽ ፍጡር መሆኑን ያስገባው። አንዲት ሠዓሊ ደራሲውን አንድ ቃል አስጨመረችው እላለሁ እኔ፤ በዚህ ትልቅ ቅናት አለብኝ።

አለን ሊ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። የቶልኪንን ትልቁን ሥራ፣ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን፣ በውሃ ቀለም ሲስል ጀግኖቹን ከሩቅ መከተልን መረጠ፣ የታሪኩን ዋና ዋና ፍንዳታዎች እየሸሸ። ለአንባቢው ዓይን ቦታ ይተዋል። ቻርልስ ቬስ የኧርዝሲን ሙሉ ስብስብ ሲስል ከለ ጉዊን ጋር ለዓመታት እየተጻጻፈ ነው የሠራው፣ በዘንዶው መልክ ላይ ብዙ ተመላልሰዋል። ደራሲዋ እ.ኤ.አ. ጥር 2018 አረፈች፤ ከ50 በላይ ሥዕል የያዘው መጽሐፍ የወጣው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እሱ እንደሷ ያለ ሰው ነበረው። እኔ ያለኝ እማዬ ናት።

«ለምን የራሳችንን ተረት አትስይም?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ቅን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይሰለቸኛል። ቅዱስ ጊዮርጊስን እዩት። ታሪኩ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ዛፍ ላይ ወጥታ የምታየው ልጅ ብሩታዊት የቤይሩት ልጅ ናት። የእኛ ሠዓሊዎች ግን ነጩን ፈረስ በእኛ ኮርቻና ጌጥ አለበሱት። የእግሩን ጣት እዩ፤ እርካቡን የያዘው በአውራ ጣቱ ብቻ ነው፣ የአገሬ ፈረሰኛ ድሮ እንደሚይዘው። ያ ሠዓሊ «የራሳችን ታሪክ አይደለም» ብሎ ብሩሹን ቢያስቀምጥ ኖሮ ያ ጣት አይኖርም ነበር። እኔም ዘንዶዬን ፋሲል ግቢ ላይ ሳስቀምጥ የተለየ ነገር አልሠራሁም።

የዓይኑን ነገር እንዲህ ቋጨሁት። ጥላው ከተለቀቀበት ሌሊት ጀምሮ ጌድን በሁሉም ሥዕል በጎን አደረግኩት፣ በአንድ ዓይን። ሲሸሽም፣ ሲያሳድድም፣ ፔንዶር ላይ ዘንዶውን ሲያናግርም። መጨረሻ ላይ፣ በባሕሩ ጥግ፣ ጌድና ጥላው ይገናኛሉ። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት አንድ ስም ይጠራሉ፤ ስሙም የራሱ የጌድ ስም ነው። አንድ ይሆናሉ። በዚያ ሥዕል ላይ ብቻ ፊቱን ወደ እኛ አዞርኩት፣ በሁለት ዓይን። እንደ ግድግዳ ሥዕሎቻችንም ከሥሩ ምንም ጥላ አላስወደቅኩም።

ያ «ጎንደር ነው?» ያለኝ ጓደኛዬ ይህንንም አይቶታል። «ያን ያህል ተሰቃይቶ በመጨረሻ ጥላ ቢስ አደረግሽው?» አለኝ። ሌላ ሥዕል ሥሪለት፣ ከሥሩ ትንሽ ግራጫ ጣል አድርጊበት ብሎ እስካሁን ይሟገተኛል። ግራጫው ተደባልቆ ሳህኑ ላይ ደርቋል። አልነካውም።